ከጭስ ጉልበት ያወጣው ሰው፦ የቱርቦ አባት አልፍሬድ ቡኺ

እ.አ.አ በ1879 ሩዶልፍ ዲዝል የተባለ የ21 ዓመት ወጣት በታይፎይድ በመታመሙ ሙኒክ ላይ የመጨረሻ ፈተናው አመለጠው። ቀጣዩን ፈተና እስኪጠብቅ ድረስ ወደ ስዊዘርላንድ አቅንቶ ቪንተርቱር በተባለች የፋብሪካ ከተማ፣ በሱልዘር ኩባንያ ውስጥ በልምምድ ላይ ቆየ። ናፍጣ የሚያነድደው ሞተር በእርሱ ስም ይጠራ ዘንድ ገና ዓመታት ይቀሩ ነበር።

በዚያው ዓመት ጁላይ 11 ቀን፣ በዚያችው ከተማ፣ በዚያው ኩባንያ በኃላፊነት ከሚሠሩት ከዮሐንስ ቡኺ ቤት ወንድ ልጅ ተወለደ። አልፍሬድ ተባለ። ዲዝል የጀመረውን ሞተር በእጥፍ ለማጎልበት ዕድሜውን የሚሰጠው ይህ ልጅ ነው። ዛሬ ከአዲስ አበባ እስከ ፖርት ሱዳን ጭነት የሚያመላልስ ከባድ መኪና ሁሉ የቡኺን ሐሳብ በሞተሩ ጎን ተሸክሞ ይሄዳል። ስሙን የሚያውቀው ሾፌር ግን ጥቂት ነው።

ቡኺ በእንፋሎት ሞተሮችና በመርከብ ማሽኖች ድምፅ መካከል አደገ። በ1899 ዙሪክ በሚገኘው የፌዴራል ፖሊቴክኒክ የሜካኒካል ምህንድስና ትምህርቱን ጀመረ። ለእኛ አካባቢ አንባቢ ያ ዓመት ሌላ ትዝታ አለው። የእንግሊዝ ጦር ከዋዲ ሐልፋ ተነስቶ በረሃውን እያቋረጠ የዘረጋው የባቡር ሐዲድ በ1899 ማብቂያ ላይ ሐልፋያ፣ ማለትም ዛሬ ሱዳናውያን በአጭሩ ባሕሪ ከሚሏት ሰሜን ካርቱም ደረሰ። ባቡሩ የሚንቀሳቀሰው በእንፋሎት ነበር፤ በጥቁር ዓባይ ዳርቻ የሚጠገኑት ጀልባዎችም እንዲሁ። ባሕሪ የመካኒክ ከተማ መሆን የጀመረችው ያኔ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቡኺ በ1903 ተመርቆ ወጣ። ቤልጂየም ውስጥ በጌንት ከተማ በሚገኝ የሞተር ፋብሪካ፣ ቀጥሎም እንግሊዝ አገር ሠራ። በእነዚህ ዓመታት ሐሳቡን የያዘው አንድ ጥያቄ ነበር፤ በሞተር ማርሚታ በኩል ወጥቶ የሚጠፋው ሙቀት ለምን ሥራ ላይ አይውልም?

ጥያቄው ዋዛ አልነበረም። በጥቅሉ ሲታይ ነዳጅ ሲቃጠል ከሚሰጠው ሙቀት መንኮራኩር ወደ ማዞር የሚለወጠው ሲሦው ቢሆን ነው። ከቀሩት ሁለት እጆች አንዱ ሞተሩን በሚያቀዘቅዘው ውኃና በሰበቃ ያልቃል። ሌላው እጅ እየጋለና እየጮኸ ከጭሱ ጋር አየር ላይ ይበተናል። መሐንዲሶች ይህን ያውቁ ነበር፤ የሞተር ተፈጥሮ ነው ብለውም ትተውት ነበር።

ቡኺ አልተወውም። ኖቬምበር 16 ቀን 1905፣ ገና በ26 ዓመቱ፣ ቁጥሩ 204630 የሆነውን የጀርመን ፓተንት ለማግኘት አመለከተ። በሥዕሉ ላይ ጭሱ ተርባይን ያዞራል፤ ተርባይኑ አየር መጭመቂያ ያዞራል፤ መጭመቂያው የታመቀ አየር ወደ ሲሊንደሩ ይገፋል። አየር ሲበዛ ብዙ ነዳጅ ማቃጠል ይቻላል፤ ብዙ ነዳጅ ሲቃጠል ደግሞ የሞተሩ መጠን ሳይጨምር ጉልበቱ ይጨምራል። በዚህ የመጀመሪያ ንድፍ ተርባይኑ፣ መጭመቂያውና ሞተሩ በአንድ ዘንግ የተሳሰሩ ነበሩ። ተርባይኑና መጭመቂያው ከሞተሩ ዘንግ ተለይተው በራሳቸው እንዲሽከረከሩ የተደረገው በኋላ ነው።

በ1905 ኢትዮጵያ ምድር ላይ አንድም አውቶሞቢል አልነበረም። የዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያ መኪና አዲስ አበባ የገባችው ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

ሃያ ዓመት የፈጀ ሙከራ

ፓተንት ማግኘትና የሚሠራ ማሽን ማቅረብ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቡኺ ወደ ሱልዘር ተመልሶ በናፍጣ ሞተር ምርምር ላይ ተሰማራ፤ በ1911 የሙከራ ጣቢያ ተቋቁሞለት ሞተሩን መፈተሽ ጀመረ። በ1915 የተሠራው ናሙና አውሮፕላን ከፍ ባለ ሰማይ ላይ አየር ሲሳሳ ጉልበቱን እንዳያጣ ታስቦ ነበር። ሞተሩ ግን አስተማማኝ ስላልሆነ ወደ ምርት ሳይገባ ቀረ።

እንቅፋቱ ሁለት ነበር። የመጀመሪያው የመጭመቂያውና የተርባይኑ ብቃት ዝቅተኛ መሆኑ ነው። ተርባይን ጭስ በሚወጣበት መንገድ ላይ የቆመ በር ነውና ጭሱን ወደ ኋላ ያፍነዋል። መጭመቂያው የሚገፋው አየር ከታፈነው ጭስ ግፊት ካልበለጠ፣ ጭሱ ተመልሶ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። ሞተሩ የራሱን ትንፋሽ መልሶ ይተነፍሳል እንደማለት ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት ለዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ነው፤ የሞተሩ የውስጥ አካል። ዲዝል ራሱ በ1890ዎቹ አየር አስቀድሞ አምቆ ወደ ሲሊንደር ለማስገባት ሞክሮ ጉልበት ቢያገኝም ነዳጁ ስለበዛበት ትቶት ነበር። የቡኺ ዘመን ፒስተኖች የተቀለጠ ብረት በቅርጽ ላይ ፈስሶ የተሠሩ ነበሩ። ግፊቱ ሲጨምር ሙቀቱም ይጨምራል፤ ሙቀቱ ሲጨምር የፒስተኑ አናት ይሰነጠቃል፣ ፋሻው ይጣበቃል፣ የጭስ መውጫው ቫልቭ ይነዳል።

ቁጥሩን ማየት ይረዳል። የአናቱ ስፋት 10 ሴንቲ ሜትር በሆነ ፒስተን ላይ 100 ባር ግፊት ሲያርፍ ወደ ታች የሚገፋው ኃይል 8 ቶን ይጠጋል። ጭነቱን የያዘ አነስተኛ አይሱዙ በአንድ ፒስተን አናት ላይ ሲቆም ማሰብ ነው፤ ያውም በደቂቃ ከሺህ ጊዜ በላይ።

ቡኺ በዚህ ሲደክም ሌሎች በሌላ መንገድ ቀደሙት። ፈረንሳዊው ኦግዩስት ራቶ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ቱርቦውን በአውሮፕላን ሞተር ላይ ገጠመ። በአሜሪካ ደግሞ ሳንፎርድ ሞስ በ1918 ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በመኪና ጭኖ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የፓይክስ ፒክ ተራራ አናት ላይ ፈተሸው። በባሕር ጠለል 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ይህ ሞተር ያለ ቱርቦ ተራራው ላይ ወደ 230 ወርዶ ነበር፤ በቱርቦ ግን 356 ሰጠ። አዲስ አበባ ላይ መኪና የሚነዳ ሰው ይህን ውጤት በእግሩ ያውቀዋል። በከተማዋ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱን በዚያው ልክ ያጣል።

መልሱ ከቧንቧው ተገኘ

ቡኺን ከተፎካካሪዎቹ የለየው በ1925 ያስመዘገበው ሁለተኛ ፓተንት ነው። በግሌ ከ1905ቱ ይልቅ ይህ የበለጠ ይደንቀኛል። የመጀመሪያው የወጣት ሕልም ነው፤ ሁለተኛው ሃያ ዓመት ሙሉ የተሰባበሩ ሞተሮችን አንድ በአንድ ከፍቶ ያየ ሰው ሥራ ነው።

ጭሱ ከሲሊንደር የሚወጣው እንደ ወንዝ ሳይቋረጥ አይደለም፤ እንደ ልብ ትርታ እየመታ ነው። ሁሉም ሲሊንደሮች ጭሳቸውን ወደ አንድ ሰፊ ቧንቧ ሲለቁ የአንዱ ምት ሌላውን ያደናቅፋል። ቡኺ ቧንቧዎቹን አጥብቦ ከፋፈላቸው፤ ተከታትለው የማይተነፍሱ ሲሊንደሮችን ብቻ በአንድ ቧንቧ አጣመረ። ከአንዱ ምት በኋላ በቧንቧው ውስጥ ግፊቱ ለቅጽበት ዝቅ ይላል። በዚያች ቅጽበት የአየር ማስገቢያውም የጭስ ማውጫውም ቫልቭ በአንድነት ክፍት እንዲሆኑ አደረገ። ንጹሕ አየር በአንደኛው ገብቶ በሌላው እየወጣ የሲሊንደሩን ውስጥ ያጥበዋል።

ያ አየር ጭሱን ጠርጎ ከማውጣት በላይ ሥራ ነበረው። የፒስተኑን አናት፣ የቫልቩን ፊትና የቴስታታውን ውስጥ ያቀዘቅዛል። ቡኺ የበለጠ ጠንካራ ብረት እስኪፈለሰፍ አልጠበቀም፤ ያለው ብረት የሚሸከመውን ሙቀት ቀነሰለት።

ከዚያ በኋላ ነገሮች በፍጥነት ሄዱ። የብራውን ቦቬሪ ኩባንያ ባደን ከሚገኘው ፋብሪካው የመጀመሪያውን ከባድ ቱርቦ በ1924 አውጥቶ ነበር። በ1926 ቡኺ ከሱልዘር ለቀቀ፤ ከብራውን ቦቬሪና ከቪንተርቱሩ የባቡር ማሽን ፋብሪካ ጋር በስሙ የሚጠራ ማኅበር መሠረተ። አንዱ ቱርቦውን ይሠራል፤ ሌላው ሞተሩን ይፈትሻል፤ ቡኺ ምህንድስናውንና ደንበኞቹን ይይዛል።

በዚያን ጊዜ ጀርመን ከምሥራቅ ፕሩሲያ ግዛቷ በፖላንድ መሬት ተለያይታ ስለነበር መንገደኞችን በባሕር የሚያመላልሱ ሁለት መርከቦች አስፈለጓት። ፕሮይሰንና ሃንዘሽታት ዳንዚግ ተባሉ። በእያንዳንዳቸው ውስጥ ባለ አሥር ሲሊንደር የናፍጣ ሞተሮች ተገጠሙ። ያለ ቱርቦ 1,750 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር በቡኺ ቱርቦ 2,500 ሆነ። ሞተሩ አልሰፋም፤ መርከቡም አልረዘመም።

ከመርከብ ወደ ባቡር፣ ከባቡርም ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ተዛመተ። በ1938 የስዊዘርላንዱ ሳውረር ኩባንያ ቱርቦ ያለው የጭነት መኪና ሞተር አቀረበ። በእንፋሎት ባቡር ታሪኳን የጀመረችው ባሕሪም በ1960ዎቹ ከእንግሊዝ የመጡ የናፍጣ ባቡሮችን አስተናገደች።

ቡኺ ኦክቶበር 27 ቀን 1959 በተወለደባት ከተማ አረፈ። ዕድሜው 80 ነበር። እርሱ በሕይወት ሳለ ቱርቦ የመርከብ፣ የባቡር፣ የአውሮፕላንና የከባድ መኪና ዕቃ ነበር። ለሽያጭ በቀረበ የቤት መኪና ላይ ተገጥሞ አላየውም።

ከሞተ በኋላ የተሰበሩ ሞተሮች

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1962፣ የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ቱርቦ ያላቸውን ኦልድስሞቢል ጄትፋየርና ሼቭሮሌት ኮርቬር ሞንዛ ስፓይደርን ገበያ ላይ አወጣ። የጄትፋየር ታሪክ ቡኺ የታገለውን ችግር እንደ አዲስ የሚያሳይ ነው። መሐንዲሶቹ በቤንዚን ሞተሩ ውስጥ ያለውን እምቀት ሳይቀንሱ ቱርቦውን ጨመሩበት። ቤንዚኑ ሻማው ሳይተኩስ በራሱ እንዳይፈነዳ ውኃና ሜታኖል የተቀላቀለበት ፈሳሽ ከአየሩ ጋር እንዲረጭ አደረጉ። ባለንብረቶቹ ፈሳሹን መሙላት ረሱ። ሞተሩ እየደከመ፣ ቅሬታው እየበዛ ሄደ፤ በመጨረሻም ኩባንያው ቱርቦውን ነቅሎ በተለመደ ካርቡሬተር ይተካላቸው ጀመር።

በ1977 ሬኖ ቱርቦውን ወደ ፎርሙላ አንድ ውድድር ሲያመጣ መኪናው እየጨሰ ከመንገድ ስለሚወጣ ቢጫው የሻይ ማንቆርቆሪያ እየተባለ ተቀለደበት። ከስድስት ዓመት በኋላ ግን ኔልሰን ፒኬ በቱርቦ ሞተር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1980ዎቹ አጋማሽ አንድ ሊትር ተኩል ብቻ የሚይዙት ሞተሮች ለማጣሪያ ሲነዱ ከ1,000 የፈረስ ጉልበት በላይ ይሰጡ ነበር። ብዙዎቹ ከጥቂት ዙር በኋላ ያበቃላቸዋል፤ ለቀጣዩ ቀን ሌላ ሞተር ይገጠማል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች 4.8 ሊትር የሚይዘውን የኒሳን ፓትሮል ቲቢ 48 ሞተር በቱርቦ ከ1,000 የፈረስ ጉልበት በላይ የሚያደርሱ ባለሙያዎች አሉ። የቶዮታ 2 ጄዚም በዓለም ዙሪያ ተመሳሳይ ዝና አለው። ከባሕረ ሰላጤው የሚመጣ መኪና በፖርት ሱዳን በኩል ሲገባ ይህ ምኞትም አብሮት ይገባል። ሳምንቱን ሥራ የሚያመላልስ፣ በበዓል ቀን ደግሞ ባዶ አስፋልት ላይ ጎረቤቱን የሚቀድም መኪና የሚፈልግ ወጣት በካርቱምም በአዲስ አበባም አይጠፋም። እንዲህ ያለውን መኪና ለመሥራት የሚያስፈልገው ምርጫ ደግሞ ቡኺን ያስጨነቀው ያው ምርጫ ነው።

ፒስተኑን እንውሰድ። ፋብሪካ የሚያወጣው አብዛኛው ፒስተን ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ አሉሚኒየም ነው። ረጋ ላለ ሥራ ዓመታት ይቆያል፤ ያለጊዜው ፍንዳታ ሲደርስበት ግን ፋሻ የሚቀመጥበት ጠርዝ እንደ ሸክላ ይሰበራል። በመዶሻ ኃይል ተቀጥቅጦ የሚሠራው ፒስተን በአንጻሩ ቢጎዳ እንኳ ከመሰበር ይልቅ ይጣመማል። ይህም ሁለት ዓይነት ነው። 2618 የሚባለው አሉሚኒየም ሲሊከን የሌለው ያህል ስለሆነ ለከባድ ግፊት የጠነከረ ነው፤ ሲሞቅ ግን ብዙ ስለሚሰፋ በፒስተኑና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት ይፈልጋል። በጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ያንኳኳል። 4032 የሚባለው 12 በመቶ ያህል ሲሊከን ስላለው ብዙ አይሰፋም፤ ጸጥ ብሎ ይሠራል፤ የመጨረሻው ጥንካሬ ግን ያንስበታል። ሥራ እየተሄደበት አልፎ አልፎ ለሚወዳደር መኪና ልከኛው ግፊት እስካልታለፈ ድረስ ሁለተኛው ይበቃል፤ ብዙ ጊዜ ግን ባለመኪናው ለጉራ ሲል የመጀመሪያውን ያዝዛል።

ቢዬላ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ቱርቦ ቢዬላን ወደ ታች ይጫነዋል፤ ጎትቶ የሚበጥሰው ግን በአብዛኛው የዙር ፍጥነት ነው። ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ደርሶ ሲመለስ ቢዬላውንና ብሎኖቹን ይስባቸዋል፤ ይህ መሳብ በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል። በደቂቃ ከ6,000 ዙር ወደ 7,500 የወጣ ሞተር ፍጥነቱ በሩብ ሲጨምር የመሳቡ ኃይል ከግማሽ በላይ ይጨምራል። ስለዚህ ውድ የተቀጠቀጠ ብረት ቢዬላ ገዝቶ በአሮጌ ብሎን ማሰር ገንዘብን መጣል ነው።

ፋሻም እንዲሁ ነው። ጫፎቹ መካከል ያለው ክፍተት ለቱርቦ ሞተር ሰፋ ብሎ መከፈት አለበት። ፋሻው ሲሞቅ ይረዝማል፤ ቦታ ካጣ ጫፍ ለጫፍ ተጋጥሞ ሲሊንደሩን ይፍቃል፣ የፒስተኑንም ጠርዝ ይሰብራል። ብዙ ፒስተኖች በደካማነታቸው ተወቅሰው የሚጣሉት በዚህ የተነሳ ነው፤ ጥፋቱ ግን የክፍተት መለኪያው ካልተነካበት እጅ ነው።

የቦታው አየርም ድርሻ አለው። በካርቱም ሙቀት 45 ዲግሪ የደረሰ አየር በአንድ ባር ግፊት ሲታመቅ፣ መጭመቂያው 70 በመቶ ብቃት አለው ብንል፣ ከ140 ዲግሪ በላይ ሆኖ ይወጣል። በ25 ዲግሪ የገባው ግን 120 እንኳ አይሞላም። የአየር ማቀዝቀዣው ትንሽ ከሆነ፣ ቤንዚኑም ደረጃው ዝቅተኛ ከሆነ፣ ቀዝቃዛ አገር የተሞከረ ሞተር ባሕሪ ላይ በተመሳሳይ ግፊት ፒስተኑን ይበሳል። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ስስ ነው፤ ያንኑ ግፊት ለማምጣት ቱርቦው በላቀ ፍጥነት ስለሚሽከረከር መጀመሪያ የሚጎዳው የራሱ የቱርቦው ዘንግ ነው።

በባሕሪ ይህ ሁሉ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ የከተማዋ የኢንዱስትሪ ቀጠና የውጊያ መስክ ሆነ። ፋብሪካዎች ተዘረፉ፤ መኪኖች ተወሰዱ ወይም ተቃጠሉ። በካርቱም ይኖሩ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን በሺዎች የሚቆጠሩት በገላባት በኩል መተማ ገቡ። በ2025 መጀመሪያ ጦሩ ባሕሪን መልሶ ከያዘ በኋላ ወደ ከተማዋ የሚመለስ ሰው ከሚያስፈልጉት ነገሮች ውኃ የሚስብ ፖምፓ፣ መብራት የሚሰጥ ጄኔሬተርና እህል የሚጭን ከባድ መኪና ይገኙበታል። ከጄኔሬተሮቹና ከከባድ መኪኖቹ ብዙዎቹ ቱርቦ ያለው የናፍጣ ሞተር ነው ያላቸው።

እዚህ ላይ የዕቃ ምርጫ የኑሮ ጉዳይ ይሆናል። በታዋቂ ስም በተጠቀለለ ካርቶን ውስጥ ተመሳስሎ የተሠራ ፒስተን መግዛት ለምሥራቅ አፍሪካ ገበያ እንግዳ ነገር አይደለም። ልምድ ያለው መካኒክ ካርቶኑን አያምንም። ፒስተኖቹን አንድ በአንድ በሚዛን ያስቀምጣል፤ በመካከላቸው የጥቂት ግራም ልዩነት ካየ ይመልሳቸዋል። የቢዬላውን ብሎን ከማሰሩ በፊትና ካሰረ በኋላ ርዝመቱን ይለካል፤ ተስቦ ያልተመለሰውን ይጥለዋል። ቴስታታው ቀጥ ማለቱን በማስመሪያ ብረት ሳያረጋግጥ አዲስ ጋርኒሲዮን አያስቀምጥም።

ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ፣ ቅድሚያ የሚሰጠው ለብሎኖቹ፣ ለጋርኒሲዮኑና ለዘይት መተላለፊያው ንጽሕና ነው። ፒስተንና ቢዬላ ይከተላሉ። ትልቁ ቱርቦ ከሁሉም በኋላ ይመጣል፤ እስከዚያው ድረስ የግፊት መልቀቂያውን ዝቅ አድርጎ መንዳት ይቻላል። ቡኺም ቢሆን በ1920ዎቹ ከሞተሮቹ ጉልበት ያገኘው መጀመሪያ ቧንቧውን አስተካክሎ፣ ቫልቩን አቀዝቅዞ፣ ከዚያ በኋላ ግፊቱን እየጨመረ ነው። ተለያይተው ወደ ተርባይኑ የሚገቡት የእርሱ የጭስ ቧንቧዎች ዛሬም በአዳዲስ መኪኖች ቱርቦ ላይ፣ በመካከሉ ግድግዳ በተከፈለ አፍ መልክ ይታያሉ።